አጥሚቱ የሄደበት በር

አዳማ፣ ብሎክ አርባ አንድ ውስጥ እርግዝና የሚነገረው በአጥሚት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጥቂት ሴቶች አንድ ትልቅ ፔርሙስ ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። የሚያንኳኩት በር ውስጥ ያለችው ሴት ገና አታውቅም፤ እነሱ ግን ያውቃሉ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃ ፈረቃው ያወራሉ፤ ከዚያ አንዷ ፔርሙሱን ከፍታ በኩባያ ትቀዳለች። ሴትየዋ ኩባያውን ስትቀበል ነገሩ ይገባታል። ስለ እርግዝናው አንድም ቃል አይወጣም። ገና ያልታየን ነገር በአፍ ማንሳት ደግ አይደለም፤ ይሄ ከድሮም ያለ ነው።

ለሴቶቹ የሚነግራቸው ቱቦው ነው። የየቤቱ ፍሳሽ ወደ ዋናው መስመር ከመግባቱ በፊት በር በበር ይነበባል። መጀመሪያ የታሰበው ለኮሌራ ነበር፤ ቀጥሎ ለስኳርና ለኩላሊት ሆነ፤ የሚወለደው ሰው እየቀነሰ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ እርግዝና ተጨመረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቱቦው በቀጥታ ለሴትየዋ በስልኳ ነበር የሚነግራት። አንዷ ባንክ ቤት ተሰልፋ፣ ሌላዋ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ መልእክቱ እየደረሳት ብዙ እንባና ብዙ ጭቅጭቅ ሆነ። ስለዚህ ደንብ ወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ በሰው አፍ ይነገር ተባለ። የሰው አፍ ማለት እንግዲህ ዕድር ነው። ሰው ለመቅበር የተቋቋመው ዕድር ዛሬ ከመቅበሩ ይልቅ በዚህኛው ይታወቃል።

ማንም ማንንም አይከለክልም፤ ይሄ መታወቅ አለበት። መውለድ ያልፈለገች ሴት ክሊኒክ ሄዳ ማቋረጥ ትችላለች። ክሊኒኩ ስም እንኳ አይጠይቅም፤ ስም መጠየቅ ያሳፍራል ተብሎ የሚጠየቀው የበር ቁጥር ብቻ ነው። ቱቦው ስለዚያ በር ተናግሮ ከሆነ ያስተናግዷታል፤ ካልተናገረ አያስተናግዷትም። ቱቦው ሲናገር ደግሞ ዕድሩም ሰምቷል፣ አጥሚቱም መጥቷል። አጥሚት የጠጣች ሴት በየቀኑ ትጠየቃለች። እንዴት አደርሽ፣ በላሽ ወይ፣ ምነው ከሳሽ። አይቆጧትም፣ አይመክሯትም፤ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ በነጋታው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ሴቶች በመጨረሻ ይወልዳሉ።

ራኬብ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አግብታለች፣ ልጅ አትፈልግም። ለምን ሲሏት «አልፈልግም» ትላለች፤ ጠያቂው የቀረውን ይጠብቃል፤ የቀረ ግን የለም። የምትሠራው ድሮ መዋዕለ ሕፃናት በነበረ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ቀጭኔ፣ ፊኛና ፊደል እንደተሳለ ነው። የእጅ መታጠቢያዎቹ ከጉልበት ከፍ አይሉም፤ ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው ይታጠቡና ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። ረጃጅም መታጠቢያዎች ይገጠሙ ሲባል የበላይ መሥሪያ ቤቱ «ልጆቹ ሲመለሱስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ክንዷ ውስጥ የተቀበረ መከላከያ አላት። የቀበረላት ነርስ ግን ደግ ሰው ነበርና እውነቱን ነገራት፤ መቶ በመቶ የሚባል ነገር የለም አላት። ራኬብ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትኖረው በዚያች ለመቶ በጎደለችው ውስጥ ነው። በየወሩ መጨረሻ ሽንኩርት ሲሸታት፣ ጡቷ ሲከብዳት፣ እንቅልፍ ሲጫናት ሆዷን ዳብሳ ታዳምጣለች። የቱቦው ዝም ማለት አያሳርፋትም። ብሎክ ሃያ ስምንት ውስጥ አንዲት ሴት ቱቦው ምንም አላለም ብላ ተዘልላ ተቀምጣ፣ ማርገዟን ያወቀችው ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ውሃ በሌለ ቀን ቱቦው ደረቅ ነው፤ ደረቅ ቱቦ አያነብም። ዘመኑ ስንት ነገር ሲለውጥ የውሃ ፈረቃን አልነካም።

በዚህኛው ወር የወር አበባዋ ቀረ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አለች፤ ቀጥሎ ሥራው ነው አለች፤ ከዚያ ምንም ማለት አቆመች።

«ቱቦው ምን አለ?» አላት ባሏ ኢዮስያስ። ቁርስ ላይ ነበሩ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ምንም የለም።»

«ምንም አላለም ማለትና የለም ማለት አንድ ነው?»

ኢዮስያስ ዳቦውን አስቀመጠ። ልጅ ላለመውለድ የተስማሙት ከመጋባታቸው በፊት ነው፤ እሱ በዚህ አንድም ቀን ተጸጽቶ አያውቅም፣ አንድም ቀን ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም። ራኬብ በሁለተኛው ትቀናበታለች።

«ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«ማወቅ። ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ እኔ ብቻ ማወቅ።»

«እሱ እንኳ የለም» አላት፤ እውነቱን ነበር። ድሮ ፋርማሲ ይሸጥ የነበረው መመርመሪያ ገዢ አጥቶ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ቱቦው በነፃ የሚናገረውን ማን በገንዘቡ ይገዛል?

ራኬብ ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሽንት ቤት መግባት ተወች። የመዋያው ቱቦ ስኳርና ኩላሊት ብቻ ነው የሚያነበው፤ ደንበኞቹ ሁሉ ከሰባ ዓመት በላይ ስለሆኑ ሌላ ነገር የሚጠብቅባቸው የለም። እዚያ ትገባለች፤ ቤት ስትመጣ ትይዛለች። ምሽት ላይ ውሃ አትጠጣም። ማወቅ እየፈለገች ከሚያሳውቃት ነገር የምትሸሽ ሴት ሆነች፤ ይሄ ለራሷም ይገርማት ነበር።

ቅዳሜ መዋያው ዝግ ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ አቅለሸለሻት፣ ፊኛዋም ከዚያ በላይ አልቻለም። ቧንቧውን ብትከፍት ተነፈሰ እንጂ አልፈሰሰም፤ ተራው የማዶው ወገን ነበር። በብሎኩ ልማድ ውሃ የሌለው ወገን ውሃ ወዳለው ይሻገራል። ባልዲ ይዞ የሚሄድ አለ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ የሚሄድ አለ፤ «እናንተ ጋ ልግባ» ማለት አያሳፍርም። ራኬብም ሳታስበው ኮሪደሩን ተሻግራ የእትዬ ቤዛን በር አንኳኳች።

እትዬ ቤዛ አርባዎቹን ያጋመሱ የባጃጅ ሾፌር ናቸው። ባጃጁ ራሱን ይነዳል፤ እሳቸው የተቀመጡት ተሳፋሪ የሚቆጣው ሰው ስለሚያስፈልገው ነው ይላሉ። ልጅ እንደሚፈልጉ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። ባላቸው አቶ ዳግም ለሥራ ድሬዳዋ እየተመላለሱ፣ እሳቸው ክሊኒክ እየተመላለሱ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አጥሚት ይዘው ወደ ሌላ ሰው በር የሚወጡትን ሴቶች ከፊት የሚመሩት ብዙ ጊዜ እሳቸው ነበሩ።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ምነው ገረጣሽ?» አሏት።

ራኬብ ገባች፣ አስመለሳት፣ ሽንቷን ሸናች፣ ውሃውን ለቀቀች። ውሃው ቱቦውን ይዞ ሲወርድ ድምፁን ስትሰማ ነው የትኛው በር ውስጥ እንዳለች ትዝ ያላት። እጇ መልቀቂያው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ታጠበች፣ አመስግና ወጣች፣ ምንም አይሆንም ብላ ለራሷ ነገረች።

ሳምንቱ ሳያልቅ የዕድሩ ሰብሳቢ እማማ ናርዶስ ደወሉላት። «አጥሚት አለ። ነጠላሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። የራሷ መሰላት። ግን ለራሷ ቢሆን እንደማይጠሯት ገባት፤ «የማን በር ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የቤዛ» አሉ እማማ ናርዶስ። «በስንት ዓመቷ።»

እትዬ ቤዛ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ፔርሙሱን አላዩትም። ሴቶቹ ገብተው ተቀመጡ። ስለ ሙቀቱ ተወራ። ውሃው ዘንድሮ ከአምናው ይሻላል ተባለ፤ አይሻልም። ራኬብ ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት የሚመቸውን ወንበር ይዛ ነበር። እማማ ናርዶስ ፔርሙሱን ከነጠላቸው ስር ሲያወጡ እትዬ ቤዛ «ለማን ልትሄዱ ነው? እኔም ልልበስና ልምጣ» ብለው ብድግ አሉ። እማማ ናርዶስ ቀዱና ኩባያውን ዘረጉላቸው።

እትዬ ቤዛ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ለረጅም ጊዜ አልጠጡም። ከዚያ «ትኩስ ነው» አሉ፤ ሴቶቹም «አዎ፣ ትኩስ ነው» አሉ። ጠጡ። ዓይናቸው በኩባያው ጠርዝ በኩል አንድ ጊዜ ራኬብ ላይ አረፈና ተመለሰ። ራኬብ መሬት መሬት አየች። ቅዳሜን የምታስታውሰው እሷ ብቻ እንደሆነች አሰበች፤ እንደ ሌባም ተሰማት።

ቤቷ ተመልሳ ሁሉንም ለኢዮስያስ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ «የሳቸውም ሊሆን ይችላል» አላት።

«ሊሆን ይችላል።»

«ያንቺም ከሆነ ዝም በይ። አሁን ማንም ያንቺን በር አያይም።»

«ሆዴስ? እሱም ዝም ይላል?»

ኢዮስያስ ትከሻዋን አቀፋት። ራኬብ ግን እያሰበች ነበር። እስከ ትናንት ለማወቅ የሚያስከፍላት መታወቅ ነበር። ዛሬ ዋጋው ሌላ ሆነ። ቤቷ ገብታ ውሃ ብትለቅና ቱቦው ቢናገር፣ እማማ ናርዶስ ሁለቱን በሮች አይተው፣ ማን ማን ጋ እንደገባ ጠይቀው ይደርሱበታል። ያኔ የራሷን ለማወቅ የእትዬ ቤዛን መውሰዷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የእሷ ወራት ይገፋሉ። ቱቦው አንዴ ስለ አንድ በር ከተናገረ ያንን በር ለአንድ ወር ደግሞ አያነብም፤ እየደጋገሙ ማስጨነቅ ነው ተብሎ። ወሩ ሲሞላ እንደገና ያነባል። ያኔ ዝም ካለ ዕድሩ በአጥሚት ፈንታ ንፍሮ ይዞ ይሄዳል። ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

በተከታዮቹ ቀናት እትዬ ቤዛ ባጃጃቸው ውስጥ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተዛውረው ታዩ፤ እንደ ተሳፋሪ ተዘርግተው ተቀምጠው በከተማው ይዞራሉ። ደረጃ ላይ ዕቃቸውን የሚቀበላቸው በዛ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ «እንዴት አደርሽ ቤዛ?» ሲባሉ፣ ድሮ «ይመስገን» ብቻ የሚሉት ሴት አሁን ቆም ብለው እንዴት እንዳደሩ በዝርዝር ይናገሩ ነበር። ራኬብ በሯ ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

አንድ ቀን እትዬ ቤዛ ሳትዘጋጅ ያዟት። «ነይ፣ አጥሚቱ ለብቻዬ በዝቶብኛል፣ እንካፈል» አሏት። እምቢ ማለት አልሆነላትም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ጠጣች። ጣፈጣት። መጣፈጡ አስፈራት፤ ወጥታ ደረጃው ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ማዶው በር ሄደች። ያወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው በሷ ዝምታ ላይ ተስፋውን ሲገነባ እያየች መቀጠል አልቻለችም።

«እትዬ ቤዛ፣ ያን ቅዳሜ እርስዎ ጋ ገብቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። በሩን የከፈትኩልሽ እኔ አይደለሁ?»

«ቱቦው ምናልባት...»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። እትዬ ቤዛ መስኮቱን ዘጉ፣ በሩን ዘጉ፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አጥሚቱ በመጣ በማግስቱ የወር አበባዬ መጣ» አሉ። «የኔ አይደለም፣ ራኬብ። ያንቺ ነው።»

ወሬው ለራኬብ በሰው አፍ ተነገራት ማለት ነው፤ ልክ ደንቡ እንደሚለው። ስንት ወር፣ ስንት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር እንዲህ ባለ ተራ ድምፅ፣ ባጃጅ በሚያሽከረክሩ ሴት አፍ ተነገራት። ፈራች፤ ፍርሃቱ ግን የቀድሞው አልነበረም። ይሄኛው መጨረሻ ነበረው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ግማሹ ላንቺ ብዬ ነው። አንቺ እንደማትፈልጊ እዚህ ብሎክ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ብናገር እማማ ናርዶስ ያንኑ ፔርሙስ ወዳንቺ በር ነበር የሚያዞሩት። የነሱን አመጣጥ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ስንቷ በር ላይ አብሬያቸው ሄጃለሁ።»

«ግማሹስ?»

እትዬ ቤዛ የነጠላቸውን ጠርዝ ፈተሉ። «ግማሹ ለኔ። ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ ደስ አለኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ።»

ራኬብ የሚቀጥለውን ጠበቀች። እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበረች፤ ሲመጣ ምን እንደምትል ግን አላወቀችም።

«ልለምንሽም አስቤ ነበር» አሉ እትዬ ቤዛ። «ወልደሽ ስጪኝ ልልሽ፣ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«ለምን ተመለሱ?»

«ሽሮ አይደል ከጎረቤት የሚለመን። ሆዱ ያንቺ ነው። እኔን መፈለግ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ። አንቺን አለመፈለግ ምን እንዳደረገሽም በየወሩ ፊትሽ ላይ አያለሁ። ጎረቤት አይደለን?»

ከታች አንድ ባጃጅ ባዶውን ጥሩንባ እየነፋ አለፈ።

«ወሩ ሳይሞላ በኔ በር ሂጂ» አሉ እትዬ ቤዛ። «ስም አይጠይቁም።»

«እርስዎስ? ወሩ ሲሞላ ቱቦው ዝም ይላል። ንፍሮ ይዘው ይመጡብዎታል።»

«ይምጡ።»

«እትዬ ቤዛ...»

«ዐሥራ አምስት ዓመት ያለቀስኩት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ውሃ ከፍቼ ነው። ውሃ በሌለ ቀን አላለቅስም። ላልመጣ ልጅ ዕድር አይቀመጥም፣ ራኬብ። አንድ ቀን እንኳ ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ። ይምጡ።»

ክሊኒክ አብረው ሄዱ። ባጃጁ ወሰዳቸው፤ ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ቀና ሳይል «በር?» አለ፤ ራኬብ የማዶውን በር ቁጥር ተናገረች። «አብሮዎት ያለው ሰው?» ሲል እትዬ ቤዛ ቀደም ብለው «እህቷ ነኝ» አሉ። ቦርሳዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቋት። ስትወጣ ኢዮስያስም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ፣ ምን እንደሚል ጨንቆት ብርቱካን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ ቤዛ ብርቱካኑን ተቀብለው ላጡላት።

ወሩ ሞላ። እማማ ናርዶስ ለራኬብ ደወሉ። ድምፃቸው ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቅ ነበር። «ንፍሮ አለ» አሉ፤ የማን በር እንደሆነ ሳትጠይቅ ነጠላዋን አነሳች።

የእትዬ ቤዛ ቤት ሞልቶ ወንበር ከየቤቱ መጣ። አቶ ዳግም ከድሬዳዋ ገብተው ከወንዶቹ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ነገሩን ያውቁ እንደሆነ ከፊታቸው አይለይም። እማማ ናርዶስ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ሲስሟቸው እትዬ ቤዛ አለቀሱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ወጣና አልተመለሰም። የስንት ዓመት ነገር ነበር የሚወጣው። ጥቂት ሴቶች ተያዩ፤ ለአንድ ወር እርግዝና ይሄ አልበዛም ወይ የሚል አስተያየት ነበር። ግን አንዷም ከቦታዋ አልተነሳችም፤ እየተፈራረቁ እጃቸውን ያዙ፣ ጀርባቸውን ዳበሱ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ውሃ የከፈተ ሰው አልነበረም።

ራኬብ ንፍሮ እያዞረች ነበር። እትዬ ቤዛ ጋ ስትደርስ ሳህኑን አስቀመጠችና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ያኔ እሷም አለቀሰች። ካሰበችው በላይ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ለተወችው ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ነገር ነፃ በመውጣቷ የተሰማት እፎይታ ነበር፣ ስለ እፎይታዋም አላፈረችም። የቀረው እንባ የእትዬ ቤዛ ነበር።

ስትወጣ እማማ ናርዶስ በሩ ላይ ያዟት። «አንቺ ልጅ፣ ጎረቤት ማለት አንቺ ነሽ» አሏት። «እንዳንቺ ያለቀሰላት የለም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፈረቃው ተራ የእነ ራኬብ ወገን ነበር። ቤቷ ሽንት ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀች። ውሃው ሙሉ ነበር፤ እየተንፎለፎለ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ማንም አላንኳኳም፣ በማግስቱም አላንኳኳም። የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሲመጣ ያ ስጋት እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ሽንኩርት ይሸታታል፣ ታዳምጣለች። ግን አሁን የምትነግረው ሰው አላት። ተራቸው ዳግም ሲደርስ በጆግ ውሃ ሞላችና ኮሪደሩን ተሻግራ አንኳኳች።

«እትዬ ቤዛ» አለች፣ «ውሃ መጥቷል። እኛ ጋ ይግቡ።»